ለቱቦ ተጠርቼ፦ ሽምብጥ ውስጥ የአንድ የጋዝ ሻወር ጉዳይ

የጠሩኝ ለጎበጠ ቱቦ ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ደወሉና «ልጄ፣ ያ የሻወሩ ጭስ ማውጫ እንደ ሙዝ ጎብጧል፤ ሰው ላይ ሳይወድቅ መጥተህ ቀይርልኝ» አሉኝ። ሥራዬ ሳኒተሪ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ውሃና ፍሳሽ እዘረጋለሁ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የጋዝ ማሞቂያም እተክላለሁ። ቱቦ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ። አራት ቀን ፈጀ፤ ከአራቱ ቀን ቱቦው ራሱ የወሰደው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ቤተሰቡ ስማችን አይነሳ እንጂ ጻፈው፣ ሌላም ሰው ይወቀው ስላሉኝ ነገሩን ከነዝርዝሩ አስቀምጠዋለሁ።

ቤቱ ሽምብጥ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ። ባለቤቱ ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በዚያ ሰሞን ከሳቸውና ከእትዬ ሌላ አምስተኛ ሳምንቷን የያዘች አራስ ልጃቸው፣ ሕፃኑና አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጅቱ ከአዲስ አበባ እናቷ ቤት ልትታረስ ነው የመጣችው።

የጋዙ ማሞቂያ የገባውም ለሷ ተብሎ ነው። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ቢባልም የታኅሣሥና የጥር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ አራስን ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥብ የለም። የኤሌክትሪክ ቦይለር ነበራቸው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግን ቦይለሩ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ውጭ አገር የሚሠራው ወንድ ልጃቸው በደቂቃ 6 ሊትር የሚያሞቅ፣ 12 ኪሎዋት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የጋዝ ማሞቂያ ላከ። ማከማቻ የለውም፤ ቧንቧው ሲከፈት በሁለት ባትሪ ድንጋይ ብልጭ ብሎ ይለኮሳል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። አንድ ልጅ መጥቶ ሻወር ቤት ውስጥ፣ ከመታጠቢያው ትይዩ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ስደርስ ቡና እየተቆላ ነበር። ሥራ ቦታ ገብቶ ቡና አልጠጣም ማለት እዚህ አገር አይሞከርም፤ እንኳንም አልተሞከረ። ልጅቱ አጠገባችን ፍራሽ ላይ ጋደም ብላለች፣ ግንባሯ በሻሽ ታስሯል። «ምች ነው» አሉኝ እትዬ ሳልጠይቃቸው። «ሁለት ሳምንት ሆናት። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፣ አሸተትኳት፤ ለቀቅ ያደርጋታል፣ ደግሞ ይመለሳል። ጤና ጣቢያም ወስደናታል፤ ደሟም ግፊቷም ደህና ነው አሉን። ጣቷ ላይ የሚሰካውን ነገር አድርገውላት ኦክስጅኗ 98 ነው፣ ምንም የለባትም ብለው መለሱን።»

ስለ ቱቦው ልጠይቅ የተዘጋጀሁት ሰውዬ ስለ ሕመሟ መጠየቅ ጀመርኩ። መቼ መቼ ነው የሚያምሽ አልኳት። አሰብ አደረገችና «ከታጠብኩ በኋላ» አለች። ራሷን ይወቅራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ባለፈው ዓርብ ከሻወር ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃለች። በረንዳ ላይ አውጥተው ሲያስቀምጧትስ? «እሱማ ይሻለኛል፤ እማዬ ግን ነፋስ ይመታሻል ብላ መልሳ ታስገባኛለች።» ከጓዳ በር ላይ ሠራተኛዋ ቀስ ብላ «እኔንም እኮ እዚያ ቤት ልብስ ሳጥብ ያዞረኛል» አለች። እትዬ ዞር ብለው አዩዋት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» «አራሷ ታማ እያለ እኔ አመመኝ ልበል?»

ምች ሁለት ሰው እየመረጠ፣ ያውም ሻወር ቤት እየጠበቀ አይመታም። ስኒዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ሻወር ቤቱ

ክፍሉን ለካሁት፤ 1.6 ሜትር በ2.2፣ ከፍታው 2.6። ወደ 9 ሜትር ኩብ ይመጣል። በሩ ወደ ኮሪደር ይከፈታል፣ ከሥሩ የላስቲክ ጥፍጥፍ ተደርጎበት ከወለሉ ጋር ገጥሟል። አንድ ትንሽ የአሉሚኒየም መስኮት አለ፤ ለአራሷ ሲባል ተዘግቶ ጠርዙ ሁሉ በፕላስተር ታሽጓል። ከመስኮቱ ጎን አየር መሳቢያ ፋን አለ። ማሞቂያው አናቱ ላይ ክፍት አንገት አለው፤ ከዚያ የተነሳው ቱቦ የፍሳሽ ፒቪሲ ነው። ግራጫው ፒቪሲ ግማሽ ሜትር ወጥቶ፣ ታጥፎ፣ ሰሜኑን ግድግዳ በስቶ ውጭ ከግድግዳው እኩል ቆሟል። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከእንዲህ ያለ ማሞቂያ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከ100 በላይ ነው። መጎበጡ አላስገረመኝም። መሐሉ ሆዱን ጥሎ፣ ከማሽኑ አንገት ጋር ከሚገናኝበት ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። በክፍተቱ ዙሪያ ያለው ነጭ ሴራሚክ ላይ እርጥበትና ጥላሸት አንድ ላይ ወርዶ ደርቋል። ጣቴን ብሰድበት ጠቆረ።

ይኼ ሁሉ ግን ሁለተኛ ነገር ነው። ቀና ስል ኮርኒሱ ሥር፣ በውጪው ግድግዳ ላይ፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን አየሁ። ከጀርባው ግድግዳ የለም፤ የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ተጠቅጥቆ ዙሪያው በሲልከን ታስሯል፣ ሥራው ንጹሕ ነው፣ የአስተማሪ እጅ ያለበት። ጋሼን ጠራኋቸው።

«ይህችን ማን ደፈናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኮራ ብለው። «ያ የተከለው ልጅ ግድግዳዬን በስቶ ጥሎት ሄደ። ትንኝ እንደ ጉድ ይገባ ጀመር። ወባ ባለበት አገር አራስ ቤት ውስጥ ትንኝ ላስገባ?»

ማሞቂያውን የተከለውን ልጅ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፒቪሲ በመጠቀሙ ደግሞ ይገባዋል። ቀዳዳዋን ግን አስቦባት ነው የተዋት። ያጠፋው ምን እንደሆነች ሳይናገር መሄዱ ነው። ለባለቤቱ ቀዳዳ ማለት ያላለቀ ሥራ ነው፤ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ የትንኝ በር። ጭስ ማውጫ ቱቦ ሲያይ ሁሉም ሰው ጥቅሙ ይገባዋል፤ ጭስ ሊወጣ ነው ይላል። አየር ማስገቢያን ግን ማንም እንደ ዕቃ አይቆጥረውም፣ ምክንያቱም ባዶ ነገር ነው።

አስራ ሦስት ደቂቃ

ሁሉንም ወደ ማንጎው ሥር አስወጣኋቸው፣ ሕፃኑንም ጭምር። እትዬ ነጠላቸውን አራሷ ላይ ደራርበው፣ «ነፋስ!» እያሉ እያጉረመረሙ ወጡ። አንዲት የእጅ ስልክ የምታክል የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም በደንብ ያልነደደ እሳት የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ መለኪያ አለችኝ። ሻወር ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ፣ ሰው ተቀምጦ ቢታጠብ አፍንጫው በሚደርስበት ከፍታ አስቀመጥኳት። ሙቅ ውሃውን ከፈትኩ፣ በሩን ዘግቼ በመስታወቱ አሻግሬ ቁጥሩን እከታተላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ምንም የላቸውም፤ 5፣ 8፣ 8 ፒፒኤም። አንድ ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን የአየር እጅ አንዱ ነው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ 35 ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ቆይታ ያስቀመጠው ወሰን በሜትር ኩብ 35 ሚሊግራም ነው፤ ወደ ፒፒኤም ሲመለስ 30 ገደማ ይሆናል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ 140። አሥራ ሦስተኛው ላይ 290 ሲል አፌን በፎጣ ሸፍኜ ገባሁና ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ስጀምር ሰማያዊ የነበረው ነበልባል ጫፉ ቢጫ ሆኖ፣ ረዝሞ፣ ልክ ዘይት እንዳለቀበት ኩራዝ ይዋልላል። መኝታ ቤት ሄጄ ስለካ 12 አገኘሁ። ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ነው።

ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ተኝቶ ቆይቶ በኋላ የሮጠበት ምክንያት ይህን ይመስላል። ጋዝ በደንብ ሲቃጠል የሚያወጣው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር ሲያንሰው ካርቦኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ክፍሉ ዝግ ከሆነ ማሽኑ የራሱን ጭስ መልሶ ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር ይብስበታል፣ በባሰበት ቁጥር የሚያወጣው መርዝ ይጨምራል። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ብቻ ታጥበው የወጡት ጋሼ ምንም አልሆኑም። አራሷ ግን ትኩስ ውሃ ሥር ሃያ ደቂቃ እንድትቆይ ታዝዛለች።

እትዬ ይህን ስነግራቸው ወዲያው የገባቸው በከሰል ነው። «ከሰል እንደሚያፍነው ነዋ!» አሉ። ልክ እንደሱ ነው፤ ያው ጋዝ ነው። ከሰል ግን ይታወቃል፣ ይፈራል፣ ቤት ውስጥ አስገብተሽ አትተኚ ይባላል። የጋዝ ማሞቂያ ነጭ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ቁልፍ ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እሳት መሆኑ ይረሳል። ሽታም የለውም። ሲሊንደሩ ሲያፈስ የሚሸተው ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነገር ነው፤ ሲቃጠል እሱም አብሮ ይነዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም።

ጤና ጣቢያው ላይ ብዙ አልፈርድም፤ የጣት መለኪያው በዚህ ጉዳይ ያታልላል። በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመው ደም ለመሣሪያው ኦክስጅን የተሸከመ ይመስለዋል። ሄሞግሎቢን ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ኦክስጅኑ ቦታውን ተቀምቶ ሳለ መሣሪያው 98 ይላል። በዚያ ላይ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ ያለው ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ባጃጅ ተጠርቶ፣ መንገድ ተሂዶ፣ ወረፋ ተጠብቆ እስኪደርሳት ምልክቱም እየቀለላት ይመጣል። በዚያው ቀን ከሰዓት እናትና ሕፃኑን ሆስፒታል እንዲያሳዩ፣ ሲገቡም «የጋዝ ማሞቂያ አፍኗት ነበር» የሚለውን ቃል አስቀድመው እንዲናገሩ አልኳቸው። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳልና የሱ ነበር ይበልጥ ያስጨነቀኝ። ሁለቱም ደህና ሆነው ተመለሱ።

ሂሳቡ፣ በባሕር ዳር አየር

ማታ ቤቴ ተቀምጬ አሰላሁት። 12 ኪሎዋት የሚያነድ ማሽን በሰዓት አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጋዝ ይበላል። አንድ ኪሎ ጋዝ ለመንደድ 15 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ማሽኑ በሰዓት 15 ሜትር ኩብ ተኩል አየር ለመንደጃ ብቻ ይጨርሳል። በአሥር ደቂቃ 2.6 ሜትር ኩብ ነው፤ 9 ሜትር ኩብ ከሆነው ክፍል ከሩብ በላይ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ መለኪያዬ ለምን እንደሮጠች ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

የምሠራበት መመሪያ ኤንኤፍፒኤ 54 የሚባለው የአሜሪካ የጋዝ ደንብ ነው። እዚያ አገር ክረምቱ በረዶ ስለሆነ በየቤቱ ምድር ቤት ወይም ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ፈርነስ የሚባል ትልቅ የጋዝ ማሞቂያ አለ፤ ቤቱን በሙሉ አየር እያሞቀ የሚያዳርስ። ከደንቡ ጭንቀቶች አንዱ ይኸው ፈርነስ ታፍኖ ቤተሰቡን እንዳያፍን ነው። እኛ ፈርነስ የለንም፣ አያስፈልገንምም፤ ሂሳቡ ግን ማሽኑ የሚያሞቀው ውሃ ይሁን ወይስ አየር ብሎ አይጠይቅም። ደንቡ እንደሚለው ማሽኑ አየሩን ከተቀመጠበት ክፍል ብቻ እንዲወስድ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት 4.8 ሜትር ኩብ ስፋት ይፈለጋል። ለ12 ኪሎዋት 58 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የነ ጋሼ ሻወር ቤት የዚህ አንድ ስድስተኛ ነው። ክፍሉ ካልበቃ ደግሞ አንደኛው መንገድ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውጭ መክፈት ነው፤ አንዱ ከኮርኒሱ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በኪሎዋት 5.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር። አንድ ብቻ የተበሳችው፣ እሷም በስፖንጅ የታፈነችው የነ ጋሼ ቀዳዳ በዚህ መንገድ ከታየች ተከፍታም እንኳን ግማሽ ሥራ ነበረች። ከመታጠቢያ ቤት አየር እየሳበ የሚነድ ማሽንን ደንቡ መጀመሪያውኑ እዚያ አያስገባውም፤ ሰው ልብሱን አውልቆ በር ዘግቶ የሚቀመጥበት ክፍል ነውና።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። እነዚህ ማሽኖች የጋዝ ቀዳዳቸው የሚለካው ከባሕር ወለል እኩል ለሆነ ዝቅተኛ አገር ነው። እዚህ ከነሙሉ ጉልበታቸው ሲለኮሱ ለቀጠነው አየር ጋዙ ይበዛበታል። የአሜሪካኖቹ ልማድ በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ኃይል መቀነስ ነው፤ ለባሕር ዳር ሩብ ገደማ ይደርሳል። 12 የነበረው 9 ኪሎዋት መሆን አለበት ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ የዕጣን ገል ይዘው

ጋሼ ማሽኑን ከሻወር ቤት ማውጣት የሚለውን ሐሳብ አልወደዱትም። ሴራሚኩ ተበስቷል፣ ቧንቧው ተቀብሯል። «ቀዳዳዋን ከፍቼ ቱቦውን በብረት ብትቀይረውስ?» አሉ። ሞክረን እንይ አልኩ፤ ሰው ካላየ አያምንም፤ እኔም በልቤ ምናልባት ይበቃ ይሆናል ብዬ ነበር። ስፖንጁን አወጣን፣ ጊዜያዊ የላሜራ ቱቦ ገጠምኩ። ጭሱ በቱቦው መውጣቱን ለማየት ጭስ የሚያወጣ ነገር ማሽኑ አንገት ላይ ማስጠጋት ነው። ክብሪት መለኮስ ይቻላል፤ እትዬ ግን የቡናውን ዕጣን ከነገሉ ይዘው ቀረቡ።

ማሽኑ ተለኮሰ፣ ሦስት ደቂቃ ሞቀ። የዕጣኑ ጭስ ወደ አንገቱ አጎንብሶ ሰተት ብሎ ገባ። ጋሼ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሠራተኛዋ ሻወር ሲታጠቡ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረገች፤ የፋኑን ማብሪያ ተጫነች። ጭሱ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ወደ ፊታችን ተገልብጦ መጣ። የማሽኑ ትኩስ እርጥብ ትንፋሽም አብሮ ፊቴን መታኝ። ፋኑ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር ይስባል፤ በአንዲት መዳፍ በምታክል ቀዳዳ የሚገባው አልበቃውምና የጎደለውን በጭስ ማውጫው በኩል ጎትቶ አመጣ። አራት ሰው በአንድ ላይ ጭሱን ሲያይ ዝም አለ። ጋሼ ፋኑን ራሳቸው አጠፉና «አውጣው» አሉኝ።

ነፋሱም አለ። ከተማዋ ከሐይቁ ደቡብ ናት፤ ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይነሳል። ጭስ ማውጫው የወጣው ደግሞ በሰሜኑ ግድግዳ፣ ለነፋሱ ደረቱን ሰጥቶ። ፋኑ ባይኖር እንኳን ከሰዓት በኋላ ጭሱ ተመልሶ የሚገባበት ቀን አይጠፋም።

የት እናድርገው የሚለው ክርክር ግማሽ ቀን ወሰደ። ውጭ ግድግዳ ላይ መስቀል ጥሩ ነበር፤ ጋሼ «ሌባ ያድርበታል» አሉ፤ የሐይቁ ነፋስም ነበልባሉን ያጠፋዋል። በመጨረሻ የተስማማነው ከሻወር ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ዕቃ ቤት ነው። ኮርኒስ የለውም፣ ቆርቆሮው ይታያል፣ በሩ ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው እንጂ ወደ ቤት አይደለም። የቧንቧው መንገድ አንድ ሜትር ብቻ ጨመረ።

ብሎኬት ቤት ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከጓሮው ግድግዳ ከላይ አንድ ግማሽ ብሎኬት፣ ከታች ሌላ ግማሽ ብሎኬት አወጣን፤ እያንዳንዱ 20 በ20፣ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ደንቡ ለያንዳንዱ 66 ነው የሚጠይቀው፤ እኔ ያበዛሁት ከልምዴ ተነስቼ ነው። የላሜራ መከለያ ሲገባበት ሩቡ ይሸፈናል፣ አቧራ ይመጣል፣ ሸረሪት ይመጣል፣ አየሩም ቀጭን ነው። የታችኛው ለሌላም ይጠቅማል፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ለወለል ተንሸራቶ የሚወጣበት በር ይሆነዋል። ሲሊንደሩን ራሱን ግን ውጭ፣ ጥላ ሥር አደረግነው።

ትልቁ ውጊያ የወንፊቱ ነበር። ጋሼ የትንኝ ወንፊት ካልተደረገበት ብለው ድርቅ አሉ። የትንኝ ወንፊት ዓይኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ ማታ ማታ መብራት ላይ የሚረግፈውን ደቃቅ ነፍሳት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በወር ውስጥ ወንፊቱን እንደ ጨርቅ ይደፍነዋል። ደንቡም ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዓይን አይፈቅድም። እኔ ያደረግሁት 10 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው ሽቦ ነው፤ ትልቅ አይጥና ወፍ ይከለክላል፣ ትንኝ ግን ይግባ። ዕቃ ቤት ገብታ ማንን ትነክሳለች? ወደ ሻወር ቤት የሚሄደው የቧንቧ ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ የሻወር ቤቱ መስኮት ደግሞ አሁን ማሽን ስለሌለበት የትንኝ ወንፊት እንደልቡ ይግባበት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ስቀው እጃቸውን ሰጡ። በውነቱ የሳቸው ጭንቀት ልክ ነበር፤ ከትንኝና ከጭስ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው ትንኟን ቢፈራ አይፈረድበትም፣ በዓይኑ የሚያያት እሷን ነውና።

ለጭስ ማውጫው አንድ ላሜራ ሠሪ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጋልቫናይዝድ ቱቦ ጠቅልሎ ሠራልኝ። ከማሽኑ አንገት ቀጥ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ፣ አንድም ቦታ ሳይታጠፍ፣ ከቆርቆሮው በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፤ ከአንገቱ ጀምሮ 2 ሜትር ከ40 ነው። ጭስ ሙቅ ሆኖ ቀጥ ባለ ረጅም ቱቦ ሲሄድ ራሱን በራሱ ይስባል፤ ፋን አያስፈልገውም። በጣሪያው ሲያልፍ ከሞራሌው 15 ሴንቲ ሜትር አራቅነው። አናቱ ላይ ነፋስ ከየትም ቢመጣ የማይጫነው ኮፍያ ተደረገለት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ነፋሱ በተነሳበት ሰዓት፣ የዕቃ ቤቱን በር ዘግቼ ማሽኑን ግማሽ ሰዓት አነደድኩት። የሻወር ቤቱ ፋን በርቷል። የጋዙን ቁልፍ ነበልባሉ አጭርና ሰማያዊ እስኪሆን ቀነስኩት፤ ውሃው ያው ለሰውነት የሚበቃ ሆኖ ወጣ፣ እዚህ አገር የቧንቧው ውሃ ቀድሞውኑ ብዙ አይቀዘቅዝምና። የዕጣኑ ጭስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወደ አንገቱ ብቻ ነው የሄደው። መለኪያዬ ዕቃ ቤት ውስጥ 2፣ ሻወር ቤት 0፣ መኝታ ቤት 0 አለች። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል ከውጭ እንዲላክላቸው ለወንድ ልጃቸው ነገሩት፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል።

አራሷ ዓርብ ጠዋት ታጠበች። እትዬ በር ላይ ቆመው «ራስሽን አላመመሽም?» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠየቋት።

ሰኔ ላይ በዚያ ሳልፍ ልያቸው ብዬ ገባሁ። ልጅቱ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ዕቃ ቤቱን ስከፍት ከታችኛው ቀዳዳ ፊት አንድ ጆንያ ቀይ ሽንኩርት ግጥም ተደርጎ ቆሟል። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«ምን ላድርግ» አሉ፣ «ሽንኩርትም እኮ አየር ይፈልጋል፤ እዚያች ጋ ሳስቀምጠው አይበሰብስብኝም።»

ጆንያውን ተጋግዘን ወደ ጎን አንድ ክንድ ያህል ገፋነው። ጋሼ ከቤት ጠመኔ አምጥተው፣ ባማረው የመምህር ጽሕፈታቸው፣ ወለሉ ላይ ሽንኩርቱ የማያልፈውን መስመር አሰመሩ።